ኮከባቸውን ማቆየት የሚፈልጉ ክለቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባርሴሎና ሊዮኔል ሜሲን እንደማያቆየው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2021 ነው። በክለብ ሒሳብ ሥራ ለኖርን ሰዎች ግን ጉዳዩ የተበላሸው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለዚያ ሳምንት ነው፤ «ለምን ደመወዙን አልቀነሰም?» ይሉኛል። ቀንሶ ነበር! ግማሹን ለመተው መስማማቱን ራሱ በእንባ ተናግሯል። ስህተቱን ሌላ ቦታ እንፈልገው።

ደጋግሜ እያየሁት የሚያንገበግበኝ ስህተት በሽያጭ ማግስት መሸመት ነው። በ2017 ፓሪስ ሴንት ዥርመን ኔይማርን ከባርሴሎና ለመውሰድ 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአውሮፓ ያለ ሻጭ ሁሉ ባርሴሎና እጅ ስንት እንዳለ ያውቃል፤ ደጋፊው ደግሞ «ተተኪው የታለ?» እያለ ይጮኻል። ለኡስማን ዴምቤሌ 105 ሚሊዮን፣ ከወራት በኋላ ለፊሊፔ ኩቲንሆ 120 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣ፤ በሁለቱም ላይ በውሉ የተጻፈ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ የሚከፈል ተጨማሪ ክፍያ ነበረ። በ2019 ደግሞ ለአንቷን ግሪዝማን ሌላ 120 ሚሊዮን ተከፈለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዝውውር ዋጋ በሒሳብ መዝገብ የሚጻፈው በውሉ ዘመን ተከፋፍሎ ነው። የኩቲንሆ 120 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ተኩል ሲከፋፈል በየዓመቱ ወደ 22 ሚሊዮን ዩሮ ይመጣል፤ ያውም ደመወዙ ሳይቆጠር። ተጫዋቹ ቢሰለፍም ባይሰለፍም ይህ ወጪ አይቀርም። ሸጦ መገላገልም ቀላል አይደለም፤ በመዝገብ ከቀረው ዋጋ በታች ከተሸጠ ልዩነቱ ያንኑ ዓመት ኪሳራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በውሰት ይላካል። ኦገስት 2020 በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ ባርሴሎናን 8 ለ 2 ሲረታ፣ በውሰት ለባየርን ይጫወት የነበረው ኩቲንሆ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ግብ አስቆጠረ። የዝውውር ዋጋው ወጪ ግን በባርሴሎና መዝገብ ላይ ነበር።

የቦርድ አባላት የሽያጩ ገንዘብ ባንክ ሳይገባ የሚገዛ ተጫዋች ስም ይዘው ቢሮዬ ሲገቡ አይቻለሁ። ልጆቼ፣ እባካችሁ በዚያን ቀን እምቢ በሉ። ቢቆጧችሁም እምቢ በሉ። ከሽያጩ ገንዘብ ላይ የኮከባችሁን የቀጣይ ውል ደመወዝ መጀመሪያ አስቀምጡ፤ ከዚያ የተረፈው ነው የግዢ ገንዘብ።

ሁለተኛው ስህተት የኮከቡን ደመወዝ ብቻ ማየት ነው። ኤል ሙንዶ ጋዜጣ በ2021 እንዳወጣው፣ የሜሲ የ2017 ውል በአራት ዓመት እስከ 555 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ነበር። ግዙፍ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ጆአን ላፖርታ በዚያው ኦገስት የተናገሩትን አስተያዩ፦ ከሜሲ ጋር የደመወዝ ወጪው የገቢው 110 በመቶ ይሆን ነበር፤ ያለ እርሱም 95 በመቶ ነው። ኮከቡ በነጻ ቢጫወት እንኳ ክለቡ መተንፈሻ አልነበረውም ማለት ነው። ክለቡን የጎዱት የሌሎቹ ተጫዋቾች ረጃጅምና ውድ ውሎች ናቸው፤ ያንን ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ክለብ ስለማይገኝ ተጫዋቾቹ አይለቁም።

ሌላው ስህተት ደመወዝ ማዘግየትን እንደ መቀነስ መቁጠር ነው። የዘንድሮው ዕዳ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ያ ብቻ ነው።

ውል እስኪያልቅ መጠበቅም ያስከፍላል። የሜሲ ውል ጁን 30 ቀን 2021 አበቃ። ከዚያ በኋላ ለሊጉ እንደ ማንኛውም አዲስ ፈራሚ መመዝገብ ነበረበት። በላሊጋው ደንብ ደግሞ ሊጉ ከወሰነለት የወጪ ጣሪያ ያለፈ ክለብ ከሚቆጥበው አራት ዩሮ ለአዲስ ምዝገባ ማዋል የሚችለው አንዱን ብቻ ነበር። ሜሲ ከሄደ በኋላ ሜምፊስ ዴፓይና ኤሪክ ጋርሲያ የተመዘገቡት ጄራርድ ፒኬ ከራሱ ደመወዝ ቀንሶ ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ያለው ክለብ ሊያከብረው ይገባል፤ ዕቅድ ግን በአንድ ሰው በጎነት ላይ አይሠራም።

የመጨረሻው የነገን ገቢ ዛሬ መሸጥ ነው። ባርሴሎና በ2022 ከላሊጋ የቴሌቪዥን መብት ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመት ለአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሸጠ። እንዲህ ያለ ውል ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ አንድ ጊዜ የሚገባውን ድምር ብቻ ለቦርዱ አታሳዩ። በየዓመቱ የሚጎድለውን ገቢ በየመሥመሩ ጻፉ፤ ከጎኑም በዚያ ዓመት ውላቸው የሚያበቃ ተጫዋቾችን ስም አስቀምጡ።