ቀለበቱን ብታዞሩም ፎቶው ሲነጣ፦ የድሮ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ ላይ

ካሜራው «ሌንስ የለም» እያለ አላነሳ ካለ፣ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ያለ ሌንስ ሹተር እንዲሠራ ፍቀዱለት። ማረጋጊያ ያለው ካሜራ ከሆነም ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ሚሊሜትር (የትኩረት ርቀቱን) ራሳችሁ ሙሉለት፤ ካለዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ሩቁ አልጠራ ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ብረት፣ የአዳፕተሩ ነው። ኤም42 (በጥርስ የሚጠመዘዝ የድሮ ሌንስ ዓይነት) መቀመጫው ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። አዳፕተሩ ትንሽ ከወፈረ የጀጎልን ግንብ ከሩቅ በፍጹም አታጠሩትም። ለርካሽ አዳፕተር ብር አታውጡ።

አሁን ወደ ዋናው። ድሬዳዋ ውስጥ እጄ የሚገባው አብዛኛው ሌንስ በሽታው ይሄ ነው፦ በማኑዋል ስታነሱ የአፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ) ቀለበት 2 ላይም ሆነ 16 ላይ፣ ፎቶው ያው ነጭ ነው።

መጀመሪያ ጎኑ ላይ ኤ (አውቶ) እና ኤም (ማኑዋል) የሚል ማብሪያ ካለ ኤም ላይ አድርጉት። የሶቪየቱ ሌንስ ሄሊዮስ 44ኤም-4 ማብሪያ የለውም፤ ከኋላ ያለችውን ፒን የሚጫን ጠርዝ ያለው አዳፕተር ይፈልጋል።

ይሄም ካልፈታው ቀለበቱን 16 ላይ አድርጋችሁ ፒኗን በጣት ተጫኑና በመስታወቱ እዩ። የአፐርቸሩ ስስ ብረቶች ቀጥ ብለው መዘጋት አለባቸው። ከተንፏቀቁ ወይም ጭራሽ ካልተነሱ ዘይት ይዟቸዋል። ሙቀት የፎከሱን ግራሶ ያቀልጠውና ወደ ውስጥ ይወርዳል። የድሬ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሌንስ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል!

ከሐረር የመጣ አንድ ሌንስ አይረሳኝም። «ይለስልስ» ተብሎ የስፌት መኪና ዘይት ተንጠባጥቦበታል። ብረቶቹ ቅቤ እንደጠጣ ፀጉር ያብረቀርቃሉ፤ ዘይቱ የኋላው መስታወት ድረስ ደርሶ ጉም ሠርቷል። ሌላው ደግሞ በካቻቢቴ ገፍቶት አንዱ ብረት ታጥፎ መጣ። ለእሱ መድኃኒቱ ከሌላ ሌንስ የተፈታ ብረት ብቻ ነው።

መፍትሄው ማጠብ ነው። መስታወቶቹን አውጡ፤ ብረቶቹን በላይተር ቤንዚን በራሰ የጆሮ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ፒኗን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ይድረቅ፣ እንደገና ጥረጉ። ጥጡ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ። የማደያ ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ደለል ይተዋል። ከሰል ካለበት ራቁ። ቬንትሌተሩን አጥፉ፣ አቧራ ያስገባባችኋል። ብረቶቹ ላይ ምንም ዓይነት ዘይት እንዳትጨምሩ፤ ደርቀው ነው የሚሠሩት። የፎከሱን አሮጌ ግራሶ ካልቀየራችሁ ደግሞ ችግሩ ይመለሳል።

ሄሊዮስ 44-2 ግን ፒን የለውም፤ ብረቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ቀለበቱ ራሱ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ዘይት ብታዩ፣ መስታወቱ እስከጠራ ድረስ አትፍቱት።