ኢልካ ልትወዳደሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

እንግሊዝ አገር በሚካሄዱ የሸራ ጀልባ ውድድሮች ላይ ዕቃ ፍተሻ አግዛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምፈትሸው ኢልካን ነው። አንድ ሰው የሚነዳው፣ በድሮ ስሙ ሌዘር የሚባለው ጀልባ ማለት ነው። እያንዳንዱ የውድድር ጀልባ ዓይነት ክላስ ይባላል፤ በየአገሩም የራሱ ማኅበር አለው። ብዙ ጀማሪ ውሃ ሳይነካ የሚሰናከለው ይህን ማኅበር ባለማወቅ ነው።

ማኅበሩን ከፌዴሬሽኑ ማምታታት

ክለባችሁ አንድ ነገር ነው። ከ1875 ጀምሮ ያለው የአገሪቱ የሸራ ጀልባ ስፖርት የበላይ አካል (ፌዴሬሽኑ)፣ አርዋይኤ፣ ሌላ ነው። የክላስ ማኅበሩ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በውድድር ዳኞች ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚሄደው ወደ አርዋይኤ ነው። የጀልባው ደንብ፣ የክላሱ ሻምፒዮናና የውድድሮቹ መርሐ ግብር ግን የክላስ ማኅበሩ ሥራ ነው። የክለብ አባል መሆን የክላስ አባል አያደርግም። ልጁንና ጀልባውን ጭኖ ግማሽ አገር አቋርጦ የመጣ አባት፣ ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ “ክለብ ከፍለናል እኮ!” ሲል መስማት ያሳዝናል። እባካችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አባልነታችሁ መታደሱን እዩ።

“አይቻልም የሚል የለም” ማለት

ይሄኛው ትዕግስቴን ጨርሶታል። የኢልካ ደንብ መሠረቱ አንድ ነው፦ በግልጽ ያልተፈቀደ ለውጥ ሁሉ ክልክል ነው። ስለዚህ ደንቡን ከፍታችሁ “ክልክል ነው” የሚል ቃል አትፈልጉ። “ይፈቀዳል” የሚለውን ፈልጉ። ካጣችሁት፣ አትንኩት።

አንድ ወጣት ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ዳገርቦርዱን፣ ከጀልባው መሃል ወደ ውሃ የሚገባውን ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ከረመ። የኋላ ጠርዙን አቀጠነው። ፍተሻ ላይ ጣቴን ሳሳልፍበት ወዲያው ታወቀኝ። አጠገቡ ካለው ሰሌዳ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማታለልም አላሰበም። ግን የተፋቀ ጠርዝ ተመልሶ አይበቅልም። ሰሌዳውን ለልምምድ አስቀርቶ ሌላ መግዛት ነበረበት።

ለምን እንዲህ እናጠብቃለን? ብሩስ ከርቢ በ1969 የነደፈው ይህ ጀልባ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል። ከ1996 ጀምሮም ኦሊምፒክ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየው የሁሉም ጀልባ አንድ ዓይነት መሆን ነው። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ “ካሻሻለ” የሚያሸንፈው ኪሱ የሞላው ነው። ያኔ አሮጌ ጀልባ የገዛችው ተማሪ ቤቷ ትቀራለች። እኔ ቅዳሜዬን የምሰጠው ለእሷ ነው።

ርካሽ ሸራ መግዛት

ገበያ ላይ መልኩ ቁርጥ የኢልካ የሆነ፣ ዋጋው ግን በጣም ዝቅ ያለ ሸራ ሞልቷል። ለልምምድ ይሆናል። ለክላስ ውድድር አይሆንም። ማኅበሩ የሚያውቀው ከተፈቀደለት አምራች የወጣውንና የክላሱ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው። ሻጩን ይህን ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ።

በተቃራኒው ደግሞ አሮጌ ሌዘር አግኝተው “ስሙ ስለተቀየረ አይወዳደርም” ብለው የሚተዉ አሉ። ስሙ በ2019 የተቀየረው በንግድ ምልክት ጠብ ነው። ከፈቃድ ያለው አምራች የወጣና መለያ ሰሌዳው ያለበት የድሮ ሌዘር ዛሬም ይወዳደራል። ግዙት!

ልጅን በዕድሜ መመደብ

የጀልባው አካል አንድ ነው፤ የሚለያየው ሸራውና የምሰሶው የታችኛው ክፍል ነው። ኢልካ 4 ሸራው 4.7 ካሬ ሜትር፣ ኢልካ 6 5.76፣ ኢልካ 7 ደግሞ 7.06 ነው። ወሳኙ ኪሎና ጉልበት ነው። 48 ኪሎ የሆነች ልጅ “አሥራ ስድስት ሞላት” ተብሎ ኢልካ 6 ላይ ስትወጣ፣ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ስትገለበጥ ትውላለች። ከዚያ ስፖርቱን እርግፍ አድርጋ ትተዋለች። አትቸኩሉ።

ከክላስ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ መቅረት

የውድድር ቦታና ቀን የሚያነጋግረው እዚያ ነው። የማኅበሩን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሂዱ፣ ተናገሩ፣ ድምፅ ስጡ።

ለአዘጋጆች

የክላስን ደንብ በራሳችሁ አትለውጡ። አንድ ክለብ የጀልባ ቁጥር እንዲበዛለት ብሎ በውድድር መመሪያው ላይ “ማንኛውም ሸራ ይፈቀዳል” ብሎ ጻፈ። ውድድሩ ደግሞ ለደረጃ ነጥብ የሚያዝበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ክስ ቀረበ፤ ልጆቹ ውሃ ላይ መዋል ሲገባቸው የውድድሩ ዳኞች ችሎት በር ላይ ተኮልኩለው አመሹ። የዓለም አቀፉ የውድድር ሕግ ቁጥር 87 ግልጽ ነው፦ የክላስ ደንብ ለአንድ ውድድር የሚለወጠው ደንቡ ራሱ ሲፈቅድ፣ ወይም የክላስ ማኅበሩ በጽሑፍ ፈቅዶ ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። የእኔ ወይም የሌላ ፈታሽ “ችግር የለውም” ማለት ፈቃድ አይደለም። ወረቀቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልመጣ መመሪያው ላይ አትጻፉት።