የመለዋወጫ መደብር የዓመት ሒሳብ አዘጋግ፦ ከሰኔ ቆጠራ እስከ እውነተኛው ትርፍ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ሸጦም ሰኔ 30 ላይ ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ግማሹ መደርደሪያ ላይ፣ ግማሹ ዱቤ ደብተር ውስጥ ተኝቷል። የዓመቱን ውጤት ለማወቅ መጀመሪያ ቆጠራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለቆጠራው ከሰኔ 28 እስከ 30 ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ቀን መደብሩን ይዝጉ። እየሸጡ መቁጠር አይሆንም። አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ፤ ቆጣሪው ግን ደብተሩ ላይ ያለውን ቀሪ አይይ። ካየው ቁጥሩን ወደዚያው ይጎትተዋል። በየመስመሩ የዕቃው ቁጥር፣ የሚገጠምበት መኪና፣ ስሪቱ፣ ብዛቱና የተገዛበት ዋጋ ይግባ። "የአይሱዙ ፊልትሮ" ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም፤ የዘይት ነው የናፍጣ? ለየትኛው ሞዴል?

ብዙ ሒሳብ የሚበላሸው በፓኮና በፍሬ ነው። የፊት ፍሬን ፓድ አንዱ ፓኮ አራት ፍሬ ይይዛል። 12 ፓኮ እያለ ቆጣሪው 48 ብሎ ቢጽፍና ሒሳብ ሠሪው በፓኮ ዋጋ 2,500 ብር ቢያባዛው፣ የ30,000 ብር ዕቃ 120,000 ይሆናል። ያ የሌለ 90,000 ብር ትርፍ ሆኖ ይወጣል፣ ግብርም ይከፈልበታል። ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ዓይነት በምን እንደሚቆጠር በወረቀት ይወሰን።

ጋራዥ ለሙከራ የተወሰደ፣ ገና ያልተሸጠ ዕቃ የእርስዎ ነው፣ ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ርክክቡ እዚያው ያለቀና መንገድ ላይ ያለ ጭነትም እንደዚሁ። ነጋዴ በአደራ ያስቀመጠው ግን የእሱ ነውና አይግባ።

የዕቃው ዋጋ ሲጻፍ የመኪናና የጫኝ ወጪ ይጨመርበት። 80,000 ብር የተገዛ ዕቃ ለማምጣት 2,400 ብር ከወጣ 3 በመቶ ነው፤ 3,000 ብር የተገዛ ፍሪሲዮን ዲስክ 3,090 ቆመብን ማለት ነው። እንደ ባሌስትራ ያለ ከባድ ዕቃ ግን የጭነት ድርሻው በክብደቱ ቢሰላ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሁሉንም ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንውሰድ። 15 በመቶው የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ሽያጭ ውስጥ አይገባም። ሐምሌ 1 የነበረ ክምችት 1,800,000፣ በዓመቱ የተገዛ 4,200,000፣ ሰኔ 30 የቀረ 2,400,000 ብር ቢሆን፣ የተሸጠው ዕቃ የቆመበት ዋጋ 3,600,000 ነው። ሽያጩ 4,500,000 ከሆነ ጥቅል ትርፉ 900,000 ወይም ከሽያጩ 20 በመቶ ይሆናል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ሌላ ወጪ 540,000 ቢሆን፣ ከግብር በፊት 360,000 ይቀራል። ባለቤቱ ለራሱ መኪና ያነሳው ዕቃና ለቤት የወሰደው ብር ወጪ አይባልም፤ ለብቻው ይመዝገብ።

አሁን 3,600,000ን ለአማካዩ ክምችት ለ2,100,000 ያካፍሉት፤ 1.7 ገደማ ይመጣል። አንድ ዕቃ ገብቶ እስኪሸጥ ሰባት ወር ይቆያል ማለት ነው። በእኛ እምነት ከትርፉ ቁጥር ይልቅ ይህኛው ብዙ ይናገራል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ብዙ ነጋዴ የተጎዳው በዚህ ነው። በ3,000 ገዝተው በ3,900 የሸጡት ዲስክ፣ መልሰው ሲገዙት 3,800 ከሆነ፣ ወረቀት ላይ ያለው 900 ብር ትርፍ እጅ ላይ 100 ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በብዛት ለሚሸጡት 20 ዓይነቶች የዛሬውን የአዲስ አበባ ዋጋ ጠይቀው ከጎኑ ይጻፉ፤ የሚቀጥለው ዓመት የመሸጫ ዋጋ ከዚያ ይነሳ።

ከ12 ወር በላይ ያልተነካ ዕቃ ተለይቶ ይውጣ። ጎማ ላይ ጠርዙን ይመልከቱ፤ 2321 የሚል ካለ በፈረንጆቹ 2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቺንጋና ሌላ የላስቲክ ዕቃ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ባትሪ ቆሞም ኃይሉን ያጣል፦ በቮልት መለኪያ 12.6 አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፣ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። እንዲሁ ከተተወ ውስጡ ሰልፌት ይዞ ይሞታል፤ በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ደካማ ባትሪ ሞተር አያስነሳም፣ ደንበኛው በማግስቱ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለራስዎ ሪፖርት በሚሸጥበት ዋጋ ያውርዱት። 200,000 ብር ተብሎ የተያዘው 50,000 ብቻ ቢያወጣ፣ ከላይ ያየነው 360,000 ወደ 210,000 ይወርዳል። ለግብር ማስታወቂያው ግን ቅናሹ ተቀባይነት እንዳለው የሒሳብ ባለሙያ ይጠየቅ።

ዱቤውን በዕድሜ ይክፈሉት፦ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 90 ቀን፣ ከዚያ በላይ። ከ90 ቀን ያለፈበት ባለ መኪና የቀደመውን ሳይከፍል ሌላ ዱቤ አይሰጠው። ለአስመጪ ያለብዎት ዕዳም በዚያው ገጽ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ሽያጩን በዕቃ ዓይነት ይለዩት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ኤሌክትሪክ። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሆነ የጭነት መኪና ፍሬን ሸራና ታምቡር ይበላል። በዚህ መስመር ላይ ያለ መደብር ሸራ ማጣት የለበትም። መደብሩ ምን እንዳጣ የሚያሳየው ባንኮኒው ላይ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው፤ ደንበኛ ጠይቆ "የለም" የተባለውን ሁሉ፣ ከነሞዴሉና ከነቀኑ ይጻፉበት። የሽያጭ ሒሳብ ያጣነውን ገበያ አያሳይም። በዓመት ከስድስት ጊዜ በላይ "የለም" የተባለ ዕቃ የሐምሌ ግዢ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ መግዣው ብር ደግሞ በቅናሽ ከሚሸጠው የቆመ ዕቃ ይምጣ።