ቅድመ አያቴን ከመዝገብ እንዴት እንዳገኘሁት

ሦስት ወር ሙሉ ለገጣፎ ዳር ባለች ደብር የቀብር መዝገብ ሳገላብጥ ከረምኩ። ቅድመ አያቴ የለም። ቀበሌም ሄጄ ነበር፣ ከንቱ ልፋት፤ አገር አቀፉ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው፣ የድሮ ሰው ከየት ይምጣ?

መፍትሔው የአያቴ እህት ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ፍትሐት የሚደረገው እኮ በክርስትና ስም ነው» አሉኝ እማማ፣ እየሳቁ። ከሳጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት አወጡ። ማኅደሩ ጠርዙ ተበልቷል፣ ጢስ ጢስ ይሸታል። መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ «ገብረ ሚካኤል፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለደ» ይላል። እኔ የማውቀው ስም የትም የለም!

ዓመቱስ? ቤተሰቡ «በኅዳር በሽታ ጊዜ ነው የተወለደው» ይላል። እሱ ብዙ ሰው የጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው፣ 1911። ለማረጋገጥ 5500 (ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን ዓመተ ፍዳ) ደምሩበት፣ 7411 ይሆናል፤ ለ4 ስታካፍሉት 3 ይተርፋል፣ 3 ከተረፈ ደግሞ ዘመኑ ሉቃስ ነው። ገጠመ! (ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ። ኅዳር ላይ የሚደመረው 7 ነው፣ ስለዚህ 1918። የአጎቴ ልጅ እዚች ላይ ተሸውዷል።)

በማግስቱ ደብሩ ተመልሼ በክርስትና ስሙ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። የቀረኝ የእናቱ ወገን ነው፤ እማማ «ቡልጋ ናቸው» ብለውኛል።