ስለ እርጅናና ስለ ጽናት ከአካባቢ ተፈጥሮ ለመማር ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅርብ ያለ አንድ አሮጌ ዛፍ ስለ እርጅና ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው፤ ችግሩ ግን ብዙዎቻችን ዛፉን ከማየታችን በፊት ድምዳሜውን ይዘን መሄዳችን ነው። «ዛፍ አይበገርም፣ እኔም አልበገርም» ብሎ የወጣ ሰው ያንኑ ይዞ ይመለሳል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ጽናትን ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ አድርጎ መረዳት ነው። ቅርንጫፍ የተቆረጠበትን ግንድ ቀረብ ብለው ቢያዩ፣ በቁስሉ ዙሪያ እንደ ከንፈር ያበጠ አዲስ እንጨት ከዳር ወደ መሃል ሲገፋ ይታያል። የሰው ቆዳ ሲቆስል የሞተውን ሕዋስ በአዲስ ይተካል፤ ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት አያድስም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሻይጎ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት፣ ዛፉ መበስበሱ እንዳይዛመት የተጎዳውን ክፍል ከጤነኛው ይለያል፣ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ቁስሉ ከብዙ ዓመት በኋላም በውስጡ አለ። የትዳር ጓደኛውን ያጣ ወይም ጉልበቱ የከዳው ሰው «እንደ ድሮዬ ካልሆንኩ አልዳንኩም» ሲል፣ መለኪያው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

መሃሉ የተቦረቦረን ግንድ እንደ ሞተ መቁጠርም ስህተት ነው። በአሮጌ ዛፍ መሃል ያለው እንጨት ቀድሞውንም ሕይወት የለውም፤ ዕድገቱ የሚካሄደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነውና ውስጡ ባዶ ሆኖ ለረጅም ዘመን ቅጠል የሚያወጣ ዛፍ አለ። (ግድግዳው ከሳሳ ግን ነፋስ ሊጥለው ስለሚችል ከሥሩ መቀመጥ አይመከርም።)

ሌላው የቆመውን ብቻ አይቶ «የታገለ ይኖራል» ማለት ነው። ከአንድ ዛፍ ዘር ከሚበቅሉት ችግኞች አብዛኞቹ በጥላ፣ በድርቅና በእንስሳት ጥርስ ይጠፋሉ፤ የተረፈው ስለ በረታ ብቻ ሳይሆን ብርሃንና ውኃ ስለ ደረሰውም ነው። አቅም ላነሰው ሰው «በርታ» ከማለት በፊት የጎደለውን መጠየቅ ይቀድማል።

ለዚህ ሁሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። የተጠኑት 46 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ዛፍ ማየትን የሐኪም ምትክ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም፤ የማይለቅ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ሕክምና ይሻሉ።

በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ አይቶ መተው አለ። እርጅና የሚታየው በለውጥ ስለሆነ ያንኑ ዛፍ በበጋም በክረምትም መመልከት ይገባል። ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታና ከአንድ ርቀት ያንሱ፤ አለበለዚያ አዲሱ እንጨት ምን ያህል እንደ ገፋ ማወዳደር አይቻልም።