ሁለት ሞተር ሳይክል ላለው ሰው፦ እኔ ሠርቻቸው እናንተ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ሁለተኛዋን ሞተር ገዝቼ ግቢ ሳስገባ እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በአንዴ አይወጣም። በተራ ግን ይወጣል። ደሴ ነው የምኖረው። አንዷ ቦክሰር መቶ ናት፣ ሌላዋ ያማሃ ኤጂ መቶ። ሁለቱም በሞተራቸው መጠን (100 ሲሲ ገደማ) «መቶ» ይባሉ እንጂ ከዚያ ውጪ አይገናኙም። ቦክሰሯ ባለ አራት ምት ናት (ፒስተኗ አራት ጊዜ ተመላልሶ አንዴ ነው ቤንዚን የሚያቃጥለው)፤ ቤንዚን አትበላም፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። ኤጂዋ ባለ ሁለት ምት ናት (በየሁለቱ ታቃጥላለች)፤ ትጮኻለች፣ ትጨሳለች፣ የተሠራችውም ለእርሻ ሥራ ነው። ጣጣ የሚመጣው አንዷን እንደ ሌላዋ መንዳት ስትጀምሩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ግዢው ላይ ይሠራል። «መለዋወጫ ይጋራሉ» ብሎ ሁለት አንድ ዓይነት ሞተር የገዛ ጓደኛ አለኝ። ለሥራ ከሆነ ብልህነት ነው። ለደስታ ከሆነ ግን አንዷን ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። እኔ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሆጤ በቦክሰሯ እሄዳለሁ፤ ወደ ኩታበር ገጠር ጭቃ ሲሆን ደግሞ ኤጂዋን አወጣለሁ። ሰንሰለቷ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አይነካውም። ማቆሚያዋም በግራም በቀኝም ነው። ይህን ሳየው መጀመሪያ ሳቅኩ። ደሴ ውስጥ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው ይሳቅ፣ እኔስ አሁን አልስቅም።

ቀጥሎ ማርሽ። የኔ ቦክሰር ማርሿ ሁሉ ወደ ፊት በመርገጥ ነው የሚገባው። ኤጂዋ ላይ አንደኛ ወደ ታች ነው፣ ሌላው በሙሉ ወደ ላይ። ሳምንት ሙሉ ቦክሰር ስነዳ ከርሜ አንድ ጠዋት ኤጂዋን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሦስተኛ ላይ ነበርኩ። አራተኛ ላስገባ ብዬ ረገጥኩ፤ የገባው ሁለተኛ ነው። የኋላ ጎማዋ ጮኸ፣ ቂጧ ወደ ጎን ሄደ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ተኝተሃል እንዴ?» አለኝ። አሁን ሞተር ስቀይር ግቢ ውስጥ ሳላስነሳት ገፋ ገፋ እያደረግኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ማርሽ አስገብቼ አወጣለሁ። እግር ትዝ እንዲለው ነው።

ትልቁን ዋጋ የከፈልኩት ግን ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ ዶሮ መዝለያ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ያን ያህል ትወርዳላችሁ። በቦክሰር ሲሆን ማርሽ ቀንሼ ጋዝ (የነዳጅ መስጫውን) እዘጋለሁ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ኤጂዋንም እንደዚያው አወረድኳት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለው ዘይት ነው። ጋዝ ሲዘጋ የሚገባው ዘይትም አብሮ ያንሳል። ቁልቁለቱ ሞተሩን በፍጥነት እያዞረው፣ ዘይት ግን የለም ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ልገባ ስል ድንገት ቀጥ አለች።

መካኒኩ ከፍቶ ፒስተኗን አወጣና ጣቴን ይዞ ጎኗ ላይ አስነካኝ። በድመት ጥፍር የተቧጨረ ይመስል ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ ዘይት ጠምቷት ነው» አለ። ሒሳቡን ሲነግረኝ አብሽር አላለም። እንግዲህ በባለ ሁለት ምት ስትወርዱ በየመሃሉ ፍሪሲዮን (ክላች) ይዛችሁ ጋዝ ትንሽ ስጧት። ሞተሩ እንደ አራት ምቱ ስለማይይዝም ፍሬን ላይ ቀድማችሁ አስቡ፣ ፍጥነቱን ከላይ ጀምራችሁ ቀንሱ። ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ ግን በሁለቱም አይሆንም። የሚተርፈው ቤንዚን የፍሬን ሸራ አይገዛም።

ከዚሁ ጋር የካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ዕቃ፣ ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ ላይ «ሰነፈች» ብላችሁ ቤንዚኑን አስቀንሳችሁ ኮምቦልቻ ብትወርዱ፣ እዚያ ሞቃትና ወፍራም አየር ውስጥ ቤንዚን ያንሳታል፣ ትግላለች። ኤጂዋ ይህን አትችልም። ኮምቦልቻ ላይ አስተካክሉና ደሴ ላይ ትንሽ ብትሰንፍ ተዉአት። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈትታችሁ እዩ፦ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው።

ዘይት አታቀያይሩ። የቦክሰሯን ዘይት በኤጂዋ የሚቃጠል ዘይት ጋን ውስጥ ብትጨምሩ ካንዴላው ይቆሽሻል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይደፈናል። ኤጂዋ ለማርሽ የተለየ ዘይት እንዳላትም ብዙ ሰው ይረሳል።

የምትቆመዋን ሞተር ቤንዚኗን ዝጉና አስነስታችሁ ካርቡሬተር ውስጥ ያለውን ጨርሳ እስክትጠፋ ተዉአት። አለበለዚያ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለሁለቱም ነው፤ ሊብሬዎቹን በየሞተሩ ለዩ። የአንዷን ይዤ በሌላዋ ወጥቼ ትራፊክ ፊት ኪሴን ስፈትሽ የዋልኩበት ቀን አለ።

አንድ የቀረ፦ «የትኛዋ ትሻላለች?» ብለው ለሚጠይቋችሁ መልስ አትፈልጉ። እናቴ እንኳን አሁን ሰኞ ገበያ አድርሰኝ ስትል «በየትኛዋ?» ማለት ጀምራለች። ቦክሰሯን ነው የምትወደው። ያቺኛዋ ነጠላዬን ጭስ ጭስ ታሸትብኛለች ትላለች።