የጥንት መትረየስ ዕቃዎችን እንዴት እንሰብስብ? ከቪከርስ የውኃ ቆርቆሮ እንጀምር

ስለ ጥንት መትረየስ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያየው መሣሪያውን ነው። እኔ የምወደው አብሮት የተጓዘውን ኮተት ነው። የውኃ ቆርቆሮውን፣ የጨርቅ ዝናሩን፣ የዘይት ዕቃውን፣ መፍቻውን። መትረየሱ ሙዚየም ገብቶ ተከብሯል። ኮተቱ ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ወይ ተጣለ፣ ወይ ለብረት ቀላጭ ተሸጠ፣ ወይ በሆነ ጋራዥ የሚስማር ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ምረጡ

ያገኙትን ሁሉ ከገዙ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የማይገናኝ ብረት ነው። ለጀማሪ የምመክረው የእንግሊዙን ቪከርስ ነው። ሂራም ማክሲም በ1884 ከሠራው መትረየስ የተወለደ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1912 ተቀብሎት እስከ 1968 ድረስ ተጠቅሞበታል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ያህል ዘመን ስላገለገለ ዕቃው ብዙ ነው፤ የተጻፈለትም ብዙ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ቪከርስ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። በርሜሉን የከበበው ጃኬት 4 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ተኩሱ ሲበዛ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠላትም ከሩቅ ያየዋል። ስለዚህ እንፋሎቱን በጎማ ቱቦ ወደ ቆርቆሮ ይመሩታል። እዚያ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ቦታው አይታወቅም፣ ውኃውም አይባክንም። አንድ ተራ ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ይሠራ ነበር! ቆርቆሮውን አሁንም ማግኘት ይቻላል። ጎማው ግን በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ደህና ቱቦ ካገኛችሁ አትለፉት።

ሕጉን ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡ

በእንግሊዝ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ እንደ በርሜል ያሉ ዋና ክፍሎችን ለብቻቸውም ይቆጣጠራል። በአሜሪካ አንዳንድ ትንንሽ የውስጥ ክፍሎች ብቻቸውን እንደ ሙሉ መትረየስ ይቆጠራሉ። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። የእኔ ደንብ አጭር ነው፤ ከተኩሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ክፍል አልገዛም። ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ የቆዳ ከረጢት፣ መፍቻና ባዶ ዝናር ለአንድ ዕድሜ ይበቃሉ። ዕቃ ከአገር አገር ከማሻገራችሁ በፊትም ጉምሩክን ጠይቁ።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

የዘመኑን የወታደር ማሠልጠኛ መጽሐፍ ፈልጉ፤ የዕቃው ስም ከነሥዕሉ እዚያ አለ። ለንደን ያለው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየምና ሊድስ ያለው የሮያል አርመሪስ ሙዚየም ስብስቦችም ጥሩ ማስተያያ ናቸው። አንድ ቪከርስ ስድስት ሰው ይፈልግ ነበር። የሚተኩሰው አንድ ነው፤ የቀሩት ይሸከማሉ፣ ያቀብላሉ፣ ይጠብቃሉ። የድሮ ፎቶ ስታዩ ዓይናችሁን ከተኳሹ ላይ አንሱና ሌሎቹ የያዙትን ተመልከቱ።

250 ጥይት የሚይዘው የጥጥ ዝናር በየመሐሉ የናስ ቁራጭ አለው። ዝናሩን የሚሞላ በእጅ የሚዞር ማሽንም አለ። ይህ ማሽን ከባድ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ከትንንሾቹ ደስ የሚለኝ ብሩሽ የተገጠመለት ክዳን ነው። የመትረየሱ ሁለት እጀታዎች ውስጣቸው ዘይት ይይዛል፣ ብሩሹም ከክዳኑ ጋር ይወጣል። የማያውቅ ሰው ከቁርጥራጭ ጋር ደባልቆ ይሸጠዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የዶሮ ዱካ የሚመስል የቀስት ምልክት አለው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ከገጠሙ ዕቃው ከአገልግሎት ወጥቶ የተሸጠ ነው ማለት ነው። ምልክቱን በማጉያ መነጽር እዩ። ዙሪያው አርጅቶ የምልክቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በቅርብ የተመታ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ 1916 የሚል የታተመበት የእንጨት ሳጥን ገዛሁ። ሻጩ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ ማጠፊያውን ሳየው ብሎኖቹ መስቀል ጭንቅላት ናቸው። የመስቀል ብሎን ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ ነው! ማጠፊያው ኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቀለሙም ያው አዲስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ብሎኑን ነው።

ለጨርቅ ደግሞ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹበትን ሰማያዊ መብራት ተጠቀሙ። የዛሬ ክር አብዛኛውን ጊዜ ደምቆ ያበራል፤ የድሮ ጥጥ ደብዛዛ ነው። በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ሊያበራ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

አደገኛውን ለዩ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። በቪከርስ በርሜል ዙሪያ ውኃ እንዳያፈስ የሚጠቀጠቀው ክር አስቤስቶስ ነው፤ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ጭረት። በጀርመኖቹ ኤምጂ 34 መትረየስ የመሣሪያ ከረጢት ውስጥም የጋለ በርሜል መያዣ የአስቤስቶስ ጨርቅ ነበር። ካገኛችሁ አታራግፉት፣ አትቦርሹት። ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ ባለሙያ ጠይቁ። በጨለማ እንዲታይ የተቀባ የማነጣጠሪያ ዕቃም ራዲየም የሚባል ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ቀለሙን አትፋቁ። ዝናሩ ላይ ጥይት ከቀረ ደግሞ «ያረጀ ነው፣ አይተኩስም» አትበሉ። ሳትነኩት ለፖሊስ አሳውቁ። አገር ቤት ከአርበኛ አያት በተረፈ ዝናር ላይም ይኸው ይሠራል።

አጠባበቅ

ናሱን አታወልውሉ። ያ ጠየም ያለው መልክ መቶ ዓመት የፈጀ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። ብረት ከሆነ ስስ ሰም ቀቡት። ቆዳን በዘይት አታርሱ፤ ይለሰልስና ስፌቱ ይበሰብሳል። ቆዳና ናስ ተነካክተው ሲቀመጡ አረንጓዴ ዝገት ይፈጠራል፤ መሐላቸው አሲድ የሌለው ወረቀት አስገቡ። ዝናርን ከማጠፍ ላላ አድርጎ መጠቅለል ይሻላል። እርጥበት ያለበት ምድር ቤትና የጋለ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ዕቃውን ይገድሉታል።

መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ። ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁ፣ ምን ምልክት እንዳለው ጻፉ። ሰም ከመቀባታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ በተለይ ታችና ውስጡን። አንዳንድ ሳጥን ክዳኑ ውስጥ ወታደሩ በሚስማር የጫረው ስም አለበት። የሚታየው መብራት ከጎን ሲበራበት ብቻ ነው።